ስልክ ለመግዛት ከመፈረማችን በፊት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ እትም በጥቂቱ ታርሟል)



ኮሚቴው ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ የጠየቀኝ ስለ ስልክ ከሌሎቻችሁ የበለጠ ስለማውቅ አይደለም። እንዲያውም ተታልዬ ገዝቼ የማውቅ ሰው ነኝ፣ እሱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ። የተጠየቅሁት የማኅበሩን የብድር መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት ከገቡት የብድር ማመልከቻዎች ሰባቱ ለስልክ መግዣ ናቸው። ሰባቱንም እንደጠየቁት ብንፈቅድ ለብድር ከያዝነው ገንዘብ ሲሶው ገደማ ስልክ ቤት ይገባል። በዚያው ወረፋ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ የጠየቀች አለች፣ የስፌት መኪና የጠየቀች አለች። እንግዲህ አንዷ ስልክ ተሳስታ ከገዛች ያዘገየችው የሌላዋንም ምጣድ ነው።

በስብሰባ ላይ አንዲት እናት "ታች ስልክ ምን ያደርግላችኋል፣ ቅንጦት ነው" ብለው ነበር። አክብሬ ነው የሰማኋቸው፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ድሮ ሁላችንም እዚሁ ከምኒልክ አደባባይ በእግር በሚደረስ ርቀት ስንኖር ስብሰባ ለመጥራት አንድ ልጅ በየበሩ መላክ ይበቃ ነበር። የወር መዋጮውም እጅ በእጅ ነበር። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ግን ከአባሎቻችን ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ቦሌ አራብሳ፣ የቀረነው እዚህ ሆንን። ዛሬ መዋጮው በቴሌብር ነው የሚመጣው፣ ጥሪው በቴሌግራም ነው የሚሄደው፣ ደረሰኙን በፎቶ ነው የምትልኩልኝ። ከገላን ጉራ ለ300 ብር መዋጮ ሁለት ሦስት ታክሲ ይዛችሁ ኑ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ስልክ ለእኛ የማኅበሩ በር ሆኗል። ጥያቄው የትኛው ስልክ ነው፣ በስንት፣ እና ለማን የሚለው ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። 2014 ዓ.ም. ላይ ዕቁብ ወጣልኝና ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ልጁም ዛሬ ከዚያ የለም። "ከዱባይ የመጣ ነው፣ ምንም አልተነካም" አለኝ። እውነትም ያምር ነበር። 16 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ አልጠየቅሁም። አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ የምውል ሴት! ከሦስት ወር በኋላ ስልኩ ሲያስቸግረኝ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ፎርማት አደረጉት፤ ሲከፈት የማላውቀውን ሰው አካውንትና ፓስወርድ ጠየቀ። የመጀመሪያው ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ ነበር የተሸጠው። ልጁን ፈለግሁት፣ ስልኩን አያነሳም። ስልኩ ያን ቀን ሞተ፤ ዕቁቡ ግን ገና ስምንት ወር ይቀረው ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ለሌለ ስልክ ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ስልክ መማር የጀመርኩት። እናም አንድ ነገር ገረመኝ። እኛ የፒያሳ ሰዎች ወርቅ መግዛት እናውቃለን። ወርቅ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ግራሙን እንጠይቃለን፣ ቀጥሎ ካራቱን፣ ከዚያ የእጅ ዋጋውን፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ዓይናችንን አንነቅልም። ስልክ ቤት ስንገባ ግን ቀለሙን አይተን፣ ካሜራው ስንት ነው ብለን እንወጣለን። የስልክ ሚዛኑ የት ነው? እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ሚዛን የሒሳብ ነው። በመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን በሚያገለግልበት ጊዜ እናካፍላለን፤ የእርጅና ቅናሽ እንለዋለን። ስልክም እንደዚያው ነው። ለሒሳብ እንዲመቸን ብቻ፣ አንዱ ስልክ 12 ሺህ ብር ነው እንበል፣ 18 ወር አገልግሎ ይዝረከረካል። በወር 667 ብር ገደማ ማለት ነው። ሌላው 24 ሺህ ብር ነው፣ 48 ወር ያገለግላል። በወር 500 ብር። ውዱ ረከሰ ማለት ነው። ይህን ለአንዲት እህት ሳሰላላት "እንግዲያው ውዱን ልግዛ" አለች። ቆይ አልኳት። አንቺ በየቀኑ ከመገናኛ ታክሲ ተጋፍተሽ የምትሳፈሪ ነሽ፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ሁለት ስልክ ተሰርቆብሻል። የሚሰረቅ ስልክ ዕድሜው የሚቆጠረው በጥንካሬው አይደለም። ለእሷ ርካሹ ይሻላል፤ ወይም መጀመሪያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ትግዛ። ስቃ ተቀበለችኝ። ሒሳብ የሚሠራው የሰውየው ኑሮ ሲገባበት ነው።

ዋጋ እዚህ አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስልክ ደግሞ ክፍሉም ሆነ ሙሉው በዶላር ነው የሚመጣው። ጽሑፉ ታትሞ እስኪደርሳችሁ የምጽፈው ዋጋ ያረጃል። የሚሻለው በአንድ ቀን ቢያንስ ሦስት ቤት መጠየቅ ነው። ስትጠይቁም ስሙን ብቻ አትጠይቁ፤ "ይህ ስልክ፣ በዚህ ራም፣ በዚህ ሜሞሪ፣ ከደረሰኝና ከዋስትና ጋር ስንት?" በሉ። አንዱ ቤት በሁለት ሺህ ብር የሚያንሰው ብዙ ጊዜ ሜሞሪው ግማሽ ስለሆነ ወይም ደረሰኝ ስለሌለው ነው።

ወደ ዓይነቶቹ ልግባ። ገበያችን ላይ በብዛት የምታዩአቸው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ኩባንያው ትራንሽን ይባላል፣ የቻይና ነው፣ ከ2011 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ እዚሁ አገራችን ስልክ ይገጣጥማል። ስለዚህ ሻጩ "ቴክኖ ተወው፣ ኢንፊኒክስ ሌላ ነው" ሲላችሁ ወንድምን ከወንድም እያጣላ እንደሆነ እወቁ። የእነዚህ ትልቁ ጥቅም ዋጋቸውና ጥገናቸው ነው። ስክሪን ቢሰበር ክፍሉ በየጥገና ቤቱ አለ፣ ካርልኬር የሚባል የራሳቸው የጥገና ድርጅትም አላቸው። ሬድሚ የሻውሚ ነው፣ በዚያው ዋጋ አካባቢ ይገኛል። ሳምሰንግ ለተመሳሳይ ራምና ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ይወደዳል። አይፎን ደግሞ አዲሱ ከማኅበራችን የብድር ጣሪያ በላይ ስለሆነ የምንነጋገረው ስለ አገለገለው ብቻ ነው።

ካርቶኑን እናንብብ። በትልቁ "8 ጊጋ ራም" ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። ጠጋ ብላችሁ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ "4+4" ይላል። ራም ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ቴሌብር፣ ቴሌግራምና ካሜራ አብረው ይቀመጣሉ። ይህ ስልክ እውነተኛ ጠረጴዛው 4 ነው። የቀረውን 4 ከዕቃ ማስቀመጫው ከሜሞሪው ተበድሮ ነው የቆጠረው። የተበደረው ደግሞ እንደ እውነተኛው አይፈጥንም። ብድርን እንደ ገቢ መመዝገብ ነው፤ በእኔ ሙያ የሚያስቀጣ ነገር። ስለዚህ "ከመደመሩ በፊት ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለእኛ ሥራ እውነተኛ 4 በቂ ነው፣ 6 ከተገኘ ደስ ይላል። ከ4 በታች የሆነውን፣ በተለይ 2 ጊጋውን፣ ለሥራ የምትጠቀሙበት ከሆነ አትግዙ፤ በስድስት ወር ውስጥ ስልኩን ግድግዳ ላይ መወርወር ያምራችኋል።

ሜሞሪ ግን አያከራክርም። 128 ጊጋ ግዙ። 64 የሚለው ውስጥ ጥሩው ድርሻ በራሱ በስልኩ ሥርዓት የተያዘ ነው፤ የቀረውን ደግሞ ቴሌግራም በየቀኑ በቪዲዮና በመልካም ቀን ይሁንላችሁ ፎቶ ይሞላዋል። (የምትልኩትን እናቶች አልወቅስም፤ ጸሎታችሁን እፈልገዋለሁ፣ አበባውን ግን ቀንሱልኝ።) ስልኬ ሞላ እያላችሁ ከመጣችሁት ሦስቱ ስልካችሁ አልሞላም ነበር፣ ቴሌግራም ነው የሞላው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ያከማቸውን ስታጸዱት ቦታ አገኛችሁ። አዲስ ስልክ ለመግዛት ተዘጋጅታ የነበረችው አንዷ ማመልከቻዋን መልሳ ወሰደች። ለማኅበሩ ያን ቀን ያተረፍኩት በዓመት በሪፖርት ከማተርፈው ይበልጣል።

ባትሪ ላይ 5000 የሚል ቁጥር ካያችሁ ይበቃል፤ ዛሬ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ይህን ያህል አላቸው፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ዋጋ አለው። ካሜራ ላይ ብዙ አልናገርም። "50 ሜጋፒክስል" የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሱቁ ውስጥ ሳይሆን በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጥላ ያለበት ቦታ፣ የለበሳችሁትን ነጠላ ጥለት አንሱበት። የጥለቱ ቀለም እንዳለ ከወጣ ካሜራው ለንግድ ይሆናል።

5ጂ የሚለውን ለማግኘት ተጨማሪ አትክፈሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ 5ጂ የጀመረው ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው፣ እየሰፋም ነው። ግን ቴሌብር ለመላክ፣ ፎቶ ለመለጠፍ፣ ልጅ ውጭ አገር ያለች እናት ፊቷን እያየች ለማውራት 4ጂ ይበቃል። ሁለት ሲም የሚወስድ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ሳፋሪኮም 2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ብዙዎቻችሁ 09ም 07ም አላችሁ።

አሁን ማንም ሻጭ ወደማያነሳው ጉዳይ መጣሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ስልክ ከተሸጠ በኋላ ሠሪው በየጊዜው እድሳት ይልክለታል፤ ከዚህ ውስጥ ዋነኛው የደኅንነት እድሳት ነው። ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ማለት ነው። እድሳቱ ሲቆም ስልኩ ይሠራል፣ ይደውላል፤ ቀዳዳው ግን እንደተከፈተ ይቀራል። ድሮ ስልክ ውስጥ የነበረው የሰው ቁጥር ነበር። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ግን ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዕቁባችሁ፣ የባንክ ሒሳባችሁ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያችሁ ነው። ገንዘብ የምታስቀምጡበትን ሣጥን ቁልፉ የሚሠራ መሆኑን ሳታዩ አትገዙም።

እዚህ ላይ ስልኮቹ በጣም ይለያያሉ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 የሚባለው መካከለኛ ስልክ የ6 ዓመት የደኅንነት እድሳት ቃል ተገብቶለታል። ስልኩ የወጣው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረውም ስልኩ ከወጣበት ጊዜ ነው፣ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። ይህን ልብ በሉ፤ ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየ ስልክ ሁለት ዓመቱ ተበልቶበታል። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ደግሞ ካርቶናቸው ላይ ስለ እድሳት አንድም ቃል የላቸውም። ቃል ያልገባ ሰው ቃሉን አያፈርስም። አይፎን በዚህ በኩል ጥሩ ነው፤ በአውሮፓውያን 2019 የወጣው አይፎን 11 በ2025 የመጣውን አዲሱን ሥርዓት አግኝቷል። በ2018 የወጡት አይፎን ኤክስ አር እና ኤክስ ኤስ ግን አላገኙም። ሁለቱ መልካቸው ተቀራራቢ ነው፣ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ልዩነታቸውን የሚነግራችሁ የለም። አፕሊኬሽኖችም አሮጌ ሥርዓት ይተዋሉ። ዋትስአፕ በ2017 ዓ.ም. ብቻ አንድሮይድ 4.4 የሚጠቀሙትን ስልኮችና እንደ አይፎን 6 ያሉትን አሮጌ አይፎኖች ትቷል። ሳውዲ ካለችው ልጇ ጋር በዋትስአፕ ብቻ የምትገናኝ እናት አንድ ጠዋት ተነስታ ስልኩ "አይሠራም" ሲላት የሚሰማትን አስቡት።

ስለዚህ ሰባቱን ማመልከቻ ሳይ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ስልኩ ስንት ዓመት እድሳት ይቀረዋል?" የሚለውን ነው። ከሰባቱ መልስ የነበራት አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ልጇ ፈልጎላት ነው።

ያገለገለ ስልክ አትግዙ አልልም። እኔ ራሴ አሁን የያዝኩት ያገለገለ ነው። ግን የምከተለው ሥርዓት አለኝ፣ በ16 ሺህ ብር የተማርኩት ስለሆነ በነፃ ውሰዱት። ገንዘብ ከመስጠቴ በፊት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኩን ፎርማት አስደርጋለሁ። ፎርማት ተደርጎ ሲከፈት የሌላ ሰው አካውንት ከጠየቀ ተነስቼ እሄዳለሁ፤ "ነገ እናስወጣልሃለን" የሚል ቃል አልቀበልም። ቀጥሎ *#06# ብዬ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር አስተያያለሁ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፍቼ የቀረውን አቅም በመቶኛ አያለሁ። አፕል እንደሚለው አይፎን 14 እና ከእሱ በፊት የወጡት ባትሪያቸው 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከተሞላ በኋላ እስከ 80 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የስድስት ዓመት ስልክ ባትሪው 100 ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ተቀይሯል ማለት ነው፣ በምን እንደተቀየረ ጠይቁ። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ቦታ ኔትወርኩ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ከዚያ የራሴን ሁለት ሲም አስገብቼ እደውላለሁ፣ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ እዳስሳለሁ፣ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። ሻጩ ከተነጫነጨ ይነጫነጭ። ወርቅ ቤት ሚዛኑ ላይ አፍጥጠን ስንቆም ማንም አይነጫነጭብንም።

ከውጭ የሚላክ ስልክስ? ከመካከላችን አንዷ እህቷ ከአሜሪካ አይፎን 14 ልካላት ሲም ማስገቢያውን ስትፈልግ ዋለች። አልተሰበረም፣ መጀመሪያውኑ የለውም። ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጠው ሲም ማስገቢያ የለውም፣ የሚሠራው በኢ-ሲም ብቻ ነው። አይፎን 17 ላይ ደግሞ ይኸው ወደ ሳውዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ኳታር ተሻግሯል። ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ከመግዛቱ በፊት ደውሉና ይህን ንገሩት። ከተላከ በኋላም አትደንግጡ፤ ሲማችሁን ወደ ኢ-ሲም ለማስቀየር መታወቂያ ይዛችሁ ወደ አገልግሎት ማዕከል ትሄዳላችሁ። ግን ያ ስልክ ሲበላሽ ሲሙን ነቅላችሁ ባለቁልፉ ስልክ ላይ ሰክታችሁ መደወል አትችሉም። ይህ ለነጋዴ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ ስማርት ስልክ ስለማያስፈልጋቸው ላውራ። ከሰባቱ አመልካቾች አንዷ እናት ጉልት ላይ አትክልት የሚሸጡ ናቸው። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቃቸው "በቴሌብር ክፈሉ እያላችሁ ስለምታስቸግሩኝ" አሉኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ቴሌብር በባለቁልፍ ስልክ *127# ተብሎ ይሠራል፤ የንግድ ባንክም *889# አለው። መዋጮ ይላካል፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ቀሪ ሒሳብ ያያሉ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አብረን ቁጭ ብለን ሦስት ጊዜ ተለማመድን፤ በአራተኛው ራሳቸው ላኩልኝ፣ 50 ብር። "መልሺልኝ" አሉኝ፣ መለስኩ። ማመልከቻቸውን አንስተዋል። ባለቁልፉ ስልክ ቻርጁ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ቢወድቅ አይሰበር፣ ሌባም አይመኘው።

የልብስ ሰፊዋ እህታችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሠራችውን ቀሚስ ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፣ ትእዛዝ የምትቀበለው በዚያ ነው። ስልኳ 2 ጊጋ ራም ነው፤ ፎቶ ሲላክላት ይቆማል፣ የሰው ልኬት የተጻፈበትን መልእክት አጥታ አንድ የሠርግ ልብስ አበላሽታለች። ለእሷ ስልክ የሥራ ዕቃ ነው፣ እንደ ስፌት መኪናው። ለእሷ የመከርኳት 4 እውነተኛ ራም፣ 128 ሜሞሪ፣ ረጅም እድሳት ያለው አዲስ ስልክ ነው። ጠይቃ የነበረው ግን ያገለገለ አይፎን ኤክስ ኤስ ነበር፣ "ደንበኞቼ አይፎን ሲያዩ ያከብሩኛል" ብላ። ልፈርድባት አልችልም። እኛ ሴቶች በእጃችን በያዝነው እንደምንለካ አውቃለሁ፤ እኔም ያን የሞተ ስልክ የገዛሁት በከፊል ለዚያ ነው። ግን ደንበኛ የሚያከብራት ቀሚሱ በቀጠሮው ቀን ሲደርስ ነው አልኳት። እስካሁን አልወሰነችም።

ኮሚቴው ውስጥ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፤ ለውይይት ክፍት ነው። ለስልክ የሚሰጥ ብድር ከ12 ወር በላይ አይሁን፤ ስልኩ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ዕዳ አንፍጠር። ስልኩ ገቢ የሚያመጣ ለመሆኑ አመልካቿ በአንድ አንቀጽ ታስረዳ። ገንዘቡ የሚለቀቀው የሦስት ቤት ዋጋ ሲቀርብ ነው፣ ከግዢ በኋላ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ይግባ። ስክሪን መከላከያና ሽፋን የሚገዛበትም አብሮ ይታሰብ። የቴሌብር መላን አነስተኛ ብድር ወስዳችሁ ስልክ ልግዛ ያላችሁኝ ሁለት እህቶች አላችሁ። ያ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ብድር ነው፣ ሸቀጥ አምጥቶ ሸጦ ለመመለስ ይጠቅማል። ለአራት ዓመት ዕቃ የአንድ ወር ብድር መውሰድ ግን ወር በገባ ቁጥር ሲያስለቅሳችሁ ይኖራል።

አንዲት እህት "ይህ ሁሉ ለስልክ ነው? እኛ ሌባ ነን?" ብላ ተቆጥታለች። ቁጣዋ ይገባኛል። ምጣድ ሲገዛ ይህን ያህል አንጠይቅም። ልዩነቱ ምጣድ ቢበላሽ ጠጋኝ ይሠራዋል፣ የዛሬ አምስት ዓመትም ያው ምጣድ ነው። ደግሞም የጠየቅሁት ሁሉ እኔን ያኔ ማንም ያልጠየቀኝ ነው። አንድ ሰው "ደረሰኙ የታለ?" ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ስምንት ወር አልከፍልም ነበር።

ከመቀመጤ በፊት ስለ መጥፋት አንድ ነገር። ስልክ ሲሰረቅ ሁላችንም የምናዝነው ለስልኩ ነው። መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁ ግን ለሲሙ ነው። ወዲያው የሰው ስልክ ለምናችሁ 994 ደውሉና ቁጥራችሁን አዘጉ፤ ቀጥሎ ባንካችሁ። የቴሌብር ምስጢር ቁጥራችሁ የልደት ዓመታችሁ የሆናችሁ እጃችሁን አታውጡ፣ ግን ዛሬ ማታ ቀይሩት። ምስጢር ቁጥራችሁን ስልኩ ሽፋን ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ ያስቀመጣችሁ ሁለት እናቶች አሉ፤ ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሁለት አመልካቾች ጋር ሱቆቹን ልንዞር ነው። መምጣት የምትፈልጉ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ተገናኙን። ሁለቱንም ሲማችሁንና መታወቂያችሁን ያዙ፣ ገንዘብ ግን እንዳትይዙ፤ የመጀመሪያው ቀን ለመጠየቅ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ እህታችንም ነጠላዋን ለብሳ ትመጣለች፣ ካሜራ የምንፈትነው በእሷ ጥለት ነው።